ክቡር ሬጅስትራር፣ ኢሜይላችሁን የሚከፍት ሰው አለ?

ጉዳዩ፦ መልስ ያላገኘውን የሰነድ ማረጋገጫ ጥያቄ ይመለከታል

ክቡር ሬጅስትራር፣

እንደምን ሰነበቱ? «እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን» ብሎ መቀጠል ወግ ነበር። ዘንድሮ ወጉን ዘለልነው፤ ደህና አይደለንም።

የዩኒቨርሲቲውን ስም አልጽፍም። የእርስዎንም አልጽፍም። እርስዎ ራስዎን ያውቃሉ። ሌላ ግቢ ያለ ሬጅስትራር ይህን አንብቦ «እኔን ነው እንዴ?» ካለም ብዙ አልተሳሳተም።

መዝገብ ቤታችሁ ረስቶት ከሆነ ነገሩን ላስታውስዎ። ታናሽ እህቴ ከእናንተ ግቢ በማዕረግ ተመርቃ ጀርመን አገር ለማስተርስ አመለከተች። ተቀበሏት፤ ከነስኮላርሺፑ። የቀራት አንድ ነገር ብቻ ነበር። የጀርመኑ ዩኒቨርሲቲ ትራንስክሪፕቷ በእርግጥ ከእናንተ የወጣ መሆኑን ከእናንተው መስማት ፈለገ። በድረ ገጻችሁ ላይ ወዳለው ኢሜይል ጻፈ። ዝም። ደግሞ ጻፈ። አሁንም ዝም። በመጨረሻ ለእሷ ጻፈላት፤ ማረጋገጫ ስላልደረሰን ቦታው ለሌላ አመልካች ተሰጥቷል፣ እናዝናለን።

እኛ የፈራነው ቪዛ ይከለክሉናል ብለን ነበር። ኤምባሲው በር ላይ እንኳ ሳንደርስ የከለከላችሁን እናንተ ናችሁ።

ፍርሃታችን ደግሞ ከመሬት የተነሳ አልነበረም። ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የአውሮፓ ኅብረት ለኢትዮጵያውያን የአጭር ጊዜ ቪዛ ውሳኔ የሚሰጥበትን ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አራዘመው። መንግሥታችን ተመላሽ ዜጎቹን ለመቀበል በበቂ አልተባበረም በሚል ነው። የተማሪ ቪዛ በሌላ መስመር ነው የሚታየው፤ ቢሆንም በዚህ አየር ላይ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ መስኮት ፊት መቆም ልብ አይሞላም። ስለዚህ ቤተሰቡ በሙሉ ለቪዛው ቃለ መጠይቅ ነበር የሚዘጋጀው። ምን ትጠየቃለች፣ ምን ትመልሳለች፣ ምን ትለብሳለች ስንል፣ እሷን ያልጠየቀና ለተጠየቀው ያልመለሰ መሥሪያ ቤት ከጀርባችን ነበር።

ስኮላርሺፑ ባይኖር ኖሮ ለቪዛው 11,904 ዩሮ በዝግ ሒሳብ አስቀምጪ ትባል ነበር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ያ ማለት ከ1 ሚሊዮን ብር በላይ ነው። እኛ ቤት እንዲህ ያለ ቁጥር የሚጠራው ሎተሪ ሲወራ ብቻ ነው። እንግዲህ እናንተ ዝም ስትሉ ምን እንደጠፋ ከዚህ ይገመቱ።

«ኮስት ሼሪንግ ሳትከፍል ቀርታ ይሆናል» እንዳይሉኝ። ከፍላለች። ደንቡን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ተመራቂው የሚጋራው የትምህርቱን ወጪ 15 በመቶ፣ ከዚያ የምግብና የመኝታውን ነው። ሥራ ሲይዝ በየወሩ ከደመወዙ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ እንዲከፍልም ደንቡ ይፈቅዳል። እናንተ ግን «ወደ ውጭ የሚሄድ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከሆነ ሙሉው ይከፈል» አላችሁ። እሺ። እናታችን የእቁብ ተራዋን ከጎረቤት ተለዋውጣ አወጣች፤ የጎደለውን እኔ ሞላሁ። ያቺ በውሃ የቀጠነች የካፌ ሽሮ ሳትቀር ተከፍሏል። ደረሰኙ አለ። ደረሰኙ ትክክል መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ አለ። ደብዳቤው ፋይሏ ውስጥ ለመግባቱም የተፈረመ አለ።

ትራንስክሪፕቱም ወጣ። ፖስታው ታሸገ፤ ማሸጊያው ላይ ማህተም ተመታ። «እኛ አንልክም፣ በራሳችሁ ላኩት» ስላላችሁን በዲኤችኤል በእኔ ስም ሄደ። ጀርመኖቹ ሲቀበሉት ላኪው ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን አንድ ግለሰብ ሆኖ አገኙት። ለዚህ ነው በኢሜይል የጠየቁት። እንግዲህ ጥርጣሬውን የፈጠረው የእናንተ አሠራር ነው፤ ጥርጣሬውን ያላጠፋውም የእናንተ ዝምታ ነው።

መልስ ሲጠፋ እኔው መጣሁ። በዛሬ መንገድ እዚያ ድረስ በአውቶቡስ መምጣት ምን ማለት እንደሆነ አልነግርዎትም፤ እርስዎ በአውሮፕላን ነው የሚመላለሱት ይባላል።

መስኮቱ ጋ ያገኘኋት ሠራተኛ ትሁት ልጅ ናት። በእሷ ቅሬታ የለኝም፤ እንዲያውም እባክዎ አይቆጧት። ጉዳዩን ስነግራት ሳቀች። በእኔ ሳይሆን በነገሩ።

«ኢሜይሉ እኮ አይሠራም» አለችኝ።

«ድረ ገጻችሁ ላይ ተጽፏል እኮ።»

«ተጽፏል። ፓስዎርዱን የሚያውቀው የአይሲቲው ልጅ ለቋል።»

«መቼ?»

«ኧረ ቆየ!»

ከኋላዋ ግድግዳው ላይ የዜጎች ቻርተር ተለጥፏል። ግማሹን የአንድ ባንክ ካሌንደር ሸፍኖታል። ከካሌንደሩ ተርፎ የሚነበበው እንዲህ ይላል፦ «የትምህርት ማስረጃ ትክክለኛነት ማረጋገጥ፣ 1 ቀን።» ቆሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ሌላ የማነበው አልነበረም፤ እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ከሰዓት ስመለስ ስብሰባው ወደ ሌላ ስብሰባ ተሻግሮ ነበር።

ልጅቷ አዘነችልኝና ከራሷ ጂሜይል ማረጋገጫውን ጽፋ ላከችልኝ። እግዜር ይስጣት። ጀርመኖቹ በማግስቱ መለሱ። አዎ፣ በማግስቱ! ከግል አድራሻ የመጣ ማረጋገጫ አንቀበልም፣ ከተቋሙ አድራሻ ይላክልን አሉ። እውነታቸውን ነው። በእርስዎ ስም ጂሜይል ለመክፈት እኮ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሌባ ቢሆን ኖሮ እኮ ድሮ ጨርሶ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ይህን ጉዳይ ይዘን በሄድንበት ሁሉ የሚሰጠን መልስ አንድ ነው፦ «ሐሰተኛ ሰነድ ስለበዛ ጥንቃቄ እናደርጋለን።» ሐሰተኛ ሰነድ መብዛቱን እኔም አልክድም። ግን የውጭ ዩኒቨርሲቲ ለእናንተ የሚጽፈው ለምን ይመስልዎታል? ሐሰተኛውን ከእውነተኛው እንድትለዩለት ነው። ዝም ስትሉ ሁለቱን እኩል ታደርጓቸዋላችሁ። የጠየቀው ሰው «እዚያ አገር ኢሜይል የሚከፍት የለም» ብሎ አያልፍም። «ይህ ወረቀት ባለቤት የለውም» ብሎ ነው የሚዘጋው። ከግቢው በር ላይ «በሦስት ቀን ጨርሼ አመጣልሃለሁ» የሚሉ ደላሎች አሉ። የእነሱ ደንበኛ በዚህ ዝምታ ምንም አይጎዳም። የሚጎዳው አምስት ዓመት ላይብረሪ ያነጋው ነው። ጥንቃቄ ካላችሁት፣ የተጠነቀቃችሁት ከራሳችሁ ተመራቂ ነው።

ይህ እንግዲህ የመጀመሪያው በር ብቻ ነው። ከእናንተ የወጣ ወረቀት ገና የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሊያረጋግጠው፣ ከዚያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማህተም ሊያርፍበት ይችላል። አገራችን የ1961ዱን የሄግ አፖስቲል ስምምነት ስላልተቀላቀለች በአንድ ማህተም መጨረስ የሚባል ነገር የለም። አንዳንዴ ሰነዱ ራሱ ቪዛ የሚጠይቅ ይመስለኛል። እዚያ ሁሉ ወረፋ ብንቆም ኖሮ እንኳ ደስ ባለን። አልደረስንም።

ይህን ደብዳቤ አደባባይ ያወጣሁት ሌላው መንገድ ሁሉ ስላለቀብኝ ነው። ለፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት ጻፍን። መዝገብ ቤት ተቀበለ፤ ቁጥር ሰጠ፤ ቁጥሩ እስካሁን በእጃችን አለ። ቅሬታ ሰሚው ጋ ገባን። እሳቸው በትዕግሥት አዳምጠው፣ ማስታወሻ ይዘው ጉዳዩን መሩት። ወደማን መሩት መሰለዎት? ወደ ሬጅስትራር። በእርስዎ ቢሮ ላይ ያቀረብነውን አቤቱታ ለእርስዎ። እርስዎ ደግሞ ስብሰባ ላይ ነዎት።

ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 የተባለው ስትራቴጂ የጸደቀው በ2012 ዓ.ም. ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና የሚወስድ ተማሪ ውጤቱን ከስልኩ ላይ ያያል። አዲስ አበባ ውስጥ መሶብ በሚባለው ማዕከል የብዙ መሥሪያ ቤት አገልግሎት በአንድ ጣሪያ ሥር ተሰብስቧል። እነዚህን ሳይ ደስ ይለኛል፤ በማሾፍ አይደለም። ግን ይህ ሁሉ ባለበት አገር አንድ ዩኒቨርሲቲ የራሱን የፖስታ ሣጥን ቁልፍ ጥሎ ዓመት ሲከርም ማንም አለመጠየቁ ይገርማል። ጄነሬተር ቢበላሽ አንድ ሳምንት አትቆዩም። የእርስዎ መኪና ጎማ ቢተነፍስማ በዚያው ቀን ነው የሚነፋው።

የምጠይቅዎ ሕንጻ አይደለም፣ በጀትም አይደለም። ያንን ኢሜይል ክፈቱት። ካልተከፈተ በዩኒቨርሲቲው ስም አዲስ አድራሻ አውጡና ድረ ገጻችሁ ላይ አሮጌውን ሰርዛችሁ ለጥፉት። ሁለት ሰው ይመደብበት፤ አንዱ ሲለቅ ቁልፉን ለሌላው አስረክቦ በፊርማ ይሂድ። ወንበርና ጠረጴዛ እንኳ በሞዴል ነው የምትረካከቡት። የታሸገውንም ፖስታ በራሳችሁ ስም ላኩት፤ የዲኤችኤሉን ሒሳብ እንደለመድነው እኛ እንከፍላለን።

ያለፈው ቦታ አይመለስም፤ እህቴም እንዲመለስላት አልጠየቀችም። ዘንድሮ እንደገና አመልክታለች። ብዙዎቹ የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች በመከር ለሚጀምሩት ሴሚስተር ማመልከቻ የሚዘጉት ሐምሌ 8 ነው፤ በእነሱ አቆጣጠር ጁላይ 15። ከዚያ በኋላ አንድ ኢሜይል ይደርሳችኋል። የእናንተው ተማሪ ነበረች ወይ፣ ነጥቧስ ይሄ ነው ወይ የሚል ነው። መልሱ ሁለት መስመር አይሞላም። እንግሊዝኛው ካስቸገረ እኔ አርቅቄ ልላክልዎ እችላለሁ፤ የት እንደምልከው ግን አላውቅም።

ከማክበር ጋር፣
የአንዲት ተመራቂያችሁ ወንድም፣ ራሱም የግቢው ምሩቅ

ግልባጭ፦
ለፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት (ከፊተኛው ደብዳቤ ጋር ይያያዝልን፤ ቁጥሩ ከጠፋባችሁ ከእኛ ዘንድ አለ)
ለቅሬታ ሰሚ ክፍል (እባካችሁ ወደ ሬጅስትራር አትምሩት)
ከአይሲቲ ለለቀቀው ልጅ፣ ባለበት (ፓስዎርዱን ካስታወስከው ንገራቸው)