ይድረስ ለአሳው

አሳው ወንድሜ፣

ይህ አራተኛው ወረቀት ነው። ሦስቱን ቀድጄ ጣልኳቸው። ሁሉም «እንደምን ከርመሃል» ብለው ይጀምሩና እዚያው ይደርቃሉ። እንዴት እንደሆንክ መጠየቅ የነበረብኝ ያኔ ነበር እኮ።

ለእናትህ ለቅሶ አልደረስኩም። መንገድ ተዘግቶብኝ ነበር ልልህ ነበር። አልተዘጋም። መርዶውን ዘግይቼ ሰማሁ። በነጋታው ልነሳ ስል የፈረቃዬ ቀን ሆነ። ከዚያ ሳምንት አለፈ። ከሳምንት በኋላ በምን ፊቴ ልደውል አልኩ። ወር ሲሞላ ደግሞ ባሰብኝ። ይኸው ሁለት ዓመት ሆነ። ይቅር በለኝ። ስንገናኝ የፈለግከውን በለኝ፣ እቀበላለሁ።

አሁን እንድጽፍ ያደረገኝ ባለፈው እሁድ ሐይቅ ላይ የደረሰብኝ ነገር ነው። ላንተ ካልነገርኩ ለማንም ልነግር አልችልም።

ትራያትሎን ተወዳደርኩ። ዋና፣ ሳይክል፣ ሩጫ፤ ሦስቱም በተከታታይ፣ ሰዓቱ ሳይቆም። ጫማ የምታስርበት ደቂቃ ሳይቀር ይቆጠራል። ኃይሌ ቴርጋትን በደረት የቀደመበትን ቀን ታስታውሳለህ አይደል? ጎረቤት ቤት ገብተን፣ አንተ ጮኸህ ጮኸህ ድምፅህ የጠፋው? ይህ ስፖርት ኦሎምፒክ የገባው እዚያው ሲድኒ ላይ ነው፣ በፈረንጆቹ 2000። እኛ ግን ከሩጫው ሌላ ምን አይተን!

ዘጠኝ ነበርን። ከኮምቦልቻ፣ ከደሴ፣ ከዚያው ከሐይቅ። ስፖንሰር የለ፣ ሜዳሊያ የለ። ገንዘብ አዋጥተን ሁለት ታንኳ ከነቀዛፊዎቻቸው ተከራየን። ሦስት ቢጫ ጀሪካን በድንጋይ አስረን ውሃው ላይ አንሳፈፍን፤ እነሱን ዞሮ መመለስ ነው። አጭሩን ርቀት ነው የወሰድነው፤ 750 ሜትር ዋና፣ 20 ኪሎ ሜትር ሳይክል፣ 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ።

ሳይክሉ አላሳሰበኝም። ለወራት ከሥራ ስወጣ ሐረጎን ስወጣ ነው የከረምኩት፣ ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ጫፍ። የጭነት መኪናዎቹ እንኳን የሚያቃስቱበትን ዳገት ታውቀዋለህ። ዋናውንም የምችል መስሎኝ ነበር። ልጆቹ «ትችላለህ?» ሲሉኝ «ያስተማረኝን ሰው ብታውቁት አትጠይቁኝም» አልኳቸው። ባንተ ነው የኮራሁት።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ገባን፣ ነፋሱ ሳይነሳ። ውሃው ደረቴን ሲነካኝ ትንፋሼ ቀጥ አለ። ቢሆንም እስከ መጀመሪያው ጀሪካን ደህና ነበርኩ። በየስድስት ሰባት እጅ ቀና እያልኩ የእስጢፋኖስን ገዳም ዛፎች እያየሁ እዋኛለሁ። ሐይቅ ላይ መስመር የለም፤ ቀና ካላልክ ሳታውቀው አቅጣጫህን ትስታለህ።

ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ስሄድ ነው። ቀና ስል ዛፎቹ የሉም። ፀሐይዋ ውሃው ላይ አርፋ ዓይኔን አጠፋችው። ወደ ታች ሳይ ጥቁር ነው። የሐይቁ መሃል ከ80 ሜትር በላይ እንደሚጠልቅ አውቃለሁ፤ ያን ጊዜ ያ ቁጥር ትዝ ባይለኝ ምን ነበረበት። እጄ ይሰነዘራል፣ አየር ግን የለም። ልስብ እሞክራለሁ፣ አይገባም። ሞት ይህን ይመስላል አልኩ። እውነቴን ነው።

ከዚያ አንድ ነገር ሰማሁ። ጆሮዬ ውስጥ ነው የምልህ። «እፍ በል!» ያልከኝን። ዳር ላይ፣ ውሃው ወገባችን ድረስ ሆኖ፣ አንገቴን ይዘህ ፊቴን ውሃው ውስጥ ስትነክረኝ። «እማዬ የጀበናውን ከሰል እፍ እንደምትለው። ቀስ ብለህ፣ እስኪያልቅ።» አየሩን ይዤው ነበር ለካ! ያላወጣሁት አየር ነው አዲሱን አላስገባ ያለኝ። አሁን የተማሩት ሰዎች የሚሉት አንተ በአስራ ሁለት ዓመትህ የነገርከኝን ነው። ውሃ ውስጥ ንፋ፣ ከዚያ መሳቡ በራሱ ይመጣል።

ነፋሁ። ስነፋ ግን የታየችኝ እናትህ ናት። ጎንበስ ብላ፣ ሻሿን በአንድ እጇ ይዛ፣ ከሰሉ ፊቷን ቀይ ሲያደርገው። ቡናው እስኪፈላ ዱዓ ስታደርግልን እኔንም በስሜ ትጠራኝ ነበር። «አብሽር» ትለኝ ነበር፣ ፈተና ስወድቅም፣ አባቴ ሲሞትም። ውሃው መሃል አለቀስኩ፣ አሳው። መነጽሩ ውስጥ ሙቅ ነገር ሲጠራቀም ነው ያወቅሁት።

ከዚያ ታንኳው ደረሰልኝና ጠርዙን ያዝኩ። ደንቡ ይፈቅዳል፤ ወደፊት እስካልወሰደህ ድረስ ይዘህ ማረፍ ትችላለህ። ቀዛፊው ሽማግሌ ምንም አላሉኝም። መቅዘፊያቸውን አንስተው ዝም ብለው ጠበቁኝ። ሃያ ጊዜ ያህል ነፋሁ። ከዚያ ለቀቅኩት።

ከውሃው ስወጣ 29 ደቂቃ ሆኖ ነበር። ሄልሜትህን ሳታስር ሳይክሉን መንካት ክልክል ነው፤ ጣቶቼ ደንዝዘው መቆለፊያውን አልያዝ አሉኝ። ዳኛ የነበረችው ልጅ ቆማ ታያለች፣ ማገዝ ግን አትችልም። ወደ ውጫሌ በሚወስደው አስፋልት ሄደን ተመለስን። አንድ ቦታ ማርሽ ስቀይር ካቴናው ወለቀ፤ አስገባሁትና ቀጠልኩ። ያው ነው። ከሳይክል ወርደህ ስትሮጥ ግን እግርህ ያንተ አይሆንም። ይከብዳል፣ አይታዘዝም፤ ሁለቱን አያይዞ መለማመድን ፈረንጆቹ «ጡብ» ይሉታል። የመጨረሻውን ኪሎ ሜትር ኮንጎ ጫማ ያደረገ አንድ ልጅ አብሮኝ ሮጠ። ምንም ሳይናገር፣ እስከ መጨረሻው። ሰባተኛ ወጣሁ። በጠቅላላው 2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ፈጀብኝ።

ሁሉም አቀፉኝ፣ እኔ ግን አንተን ነበር የምፈልገው። ማታ ስልኩን ሦስት ጊዜ አነሳሁት።

አሁን ጥያቄዬን ልንገርህ። ልጆቹ ቀጣዩን በኦሎምፒኩ ርቀት እናድርገው እያሉ ነው። ዋናው 1500 ሜትር ሊሆን ነው፣ የእሁዱ እጥፍ። እንደገና ካላስተማርከኝ አልገባም። ከጥምቀት በኋላ ነው ያሰብነው። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ናት፣ ጨረቃ ላይ አልሄድክም! ያንን «ሥራ በዛብኝ» ደግሞ እንዳትጀምረው፤ አንተ ተማሪ ሳለንም ሥራ ይበዛብህ ነበር፣ የቤት ሥራህን ግን የምሠራልህ እኔ ነበርኩ። መኝታ አለ፣ ሳይክልም እበደርልሃለሁ። መወዳደር ካልፈለግክ ታንኳው ላይ ተቀመጥ። እዚያ መኖርህን ካወቅሁ ይበቃኛል።

ሌላም አለ። እሁድ ከሰዓት ልጆቹን ሸኝቼ ሐይቅ ከተማ ቀረሁ። መቃብሯ ጋ ልሄድ ነበር። የት እንደሆነ ሰው መጠየቅ ነበረብኝ። አንድ ቤት በር ድረስ ሄጄ፣ «የሷ ልጅ ጓደኛ እስካሁን አያውቀውም?» ቢሉኝስ ብዬ ተመለስኩ።

ስትመጣ መጀመሪያ እሷ ጋ ውሰደኝ። ዋናው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ስልኬ የድሮው ነው፣ አልቀየርኩም።

ያው ወንድምህ
ኮምቦልቻ