ከግቢ በኋላ ማርሽ የሚወጡ መኪኖች

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ደብዳቤዬ በአዲስ አበባ ሰፈሮች ከግቢ በኋላ ማርሽ ስለሚወጡ መኪኖች ነው። በከተማችን በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። የሚወራው ግን ስለ ዋናው አስፋልት ብቻ ነው።

እኛ ሰፈር ጠዋት የብረቱ በር ይከፈታል፤ ዘበኛው ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ «ና፣ ና፣ ና!» ይላል። አጥሩ ረጅም ስለሆነ ሾፌሩ መንገዱን የሚያየው መኪናው ግማሽ ድረስ ከወጣ በኋላ ነው። ቦርሳ ያዘለ የ5 ዓመት ልጅ ደግሞ ከኋላ መስታወቱ በታች ይቀራል፤ በስፖኪዮም ላይታይ ይችላል። ካሜራ አለኝ የሚል አይጠፋም። ካሜራውም ቢሆን በአጥር የተከለለውን አያሳይም።

ማታ በኋላ ማርሽ ገብቶ ጠዋት በፊት ማርሽ መውጣት ይቻላል። ዘበኛውም አስቀድሞ መንገዱ ላይ ይውጣ፤ እግረኛውን ካሳለፈ በኋላ «ና» ይበል።

አንድ የሰፈር እግረኛ