«ኋላ እነግርሻለሁ» ብለሽኝ ነበር

ውዷ ጓደኛዬ፣

ጠፋሁብሽ አይደል? ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው። «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ብዬ ጀምሬ ሁለት ጊዜ አጠፋሁት። ውሸት ነው። የጠፋሁት ተቀይሜሽ ነው።

እማዬ ሆስፒታል በተኛችባቸው 11 ቀናት አልመጣሽም። «አይዞሽ፣ እግዜር ይማርልሽ» የምትል አንድ መልእክት ላክሽልኝ፣ በቃ። ያቺን መልእክት ስንት ጊዜ ከፍቼ እንዳየኋት እኔ ነኝ የማውቀው። እማዬ ድና ወጣች፣ ተመስገን። እኔ ግን ቅያሜዬን ይዤ እዚያው ኮሪደር ላይ ቀረሁ። ስትደውዪ አላነሳም። ለልደቴ የጻፍሽልኝንም አንብቤ ዝም አልኩ። ምን እንዳስቀየመኝ አልነገርኩሽም፣ ስለዚህ ከየት ታውቂዋለሽ?

ባለፈው ዓመት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መንቃት ጀመርኩ። በየቀኑ። ልቤ ድው ድው ይላል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ጣቶቼን ውርር ያደርገኛል፣ ከዚያ ደግሞ አሁን ልሞት ነው የሚል ፍርሃት ይመጣና ሁሉንም ያብሰዋል። ሐኪም ጋ ሄድኩ። ልቤ ተመረመረ፣ ጤነኛ ነው ተባለ። «ጭንቀት ነው» አለኝ ዶክተሩ። በዚያው ሰሞን የጥርስ ሐኪሟ አፌን ከፍታ አየችና «ማታ ማታ ጥርስሽን ታፋጪያለሽ እንዴ?» አለችኝ። እኔ እንጃ አልኳት። ተኝቼ ምን አውቃለሁ።

ዶክተሩ መጀመሪያ ያሳየኝ ነገር አተነፋፈስ ነው። «የእጅሽን አንጓ ያዢ፣ የልብሽን ትርታ አዳምጪ» አለኝ። ትንፋሽ ስታስገቢ ትርታው ፈጠን ይላል፣ ቀስ አድርገሽ ስታስወጪ ደግሞ ዘግየት። አሁን ሞክሪው፣ ምናልባት ይታወቅሻል። ቫገስ የሚባል ነርቭ አለ። ከአንጎል ግንድ ተነስቶ በአንገት ወርዶ ልብ፣ ሳንባና ሆድ ድረስ ይደርሳል። ስናስወጣ ልባችንን «ቀስ በል» የሚለው እሱ ነው። ታውቂኛለሽ፣ አንድ ነገር ከሰማሁ እስከ ጥግ ካላነበብኩ አይሆንልኝም። ኦቶ ሎዊ የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1921 ባሳተመው ሥራ የእንቁራሪት ልብ ላይ ያለውን ይህን ነርቭ ሲቀሰቅሰው የልቡ ምት ዘገየ። ልቡ ተነክሮበት የነበረውን ፈሳሽ ወስዶ ሌላ ልብ ላይ ሲያደርገው የዚያም ምት ዘገየ። ሐሳቡ የመጣለት ሌሊት ከእንቅልፉ ነቅቶ እንደሆነ ራሱ ተናግሯል። ሌሊት የሚነቃ ሰው ሁሉ እንደኔ ለመፍራት ብቻ አይነቃም ለካ።

የማደርገው ቀላል ነው። እጄን ሆዴ ላይ አደርጋለሁ። እስከ አራት እየቆጠርኩ በአፍንጫዬ አስገባለሁ፣ እስከ ስድስት እየቆጠርኩ አስወጣለሁ። በደቂቃ ስድስት ጊዜ ያህል ማለት ነው። ዝም ብለን ስንቀመጥ ከ12 እስከ 20 ጊዜ እንተነፍሳለን፣ ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ያስቸግራል። አደራ ግን፣ «በረጅሙ ተንፍሺ» ሲሉሽ አየር ለመጠቅጠቅ አትሞክሪ። እኔ እንደዚያ አድርጌ ጭራሽ ራሴን አዞረኝ። ቶሎ ቶሎና ብዙ ስንተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከደማችን ከልክ በላይ ይወጣል፣ ያ የጣት ውርርታም ከዚያ የሚመጣ ነው። ቁም ነገሩ ቀስ ማለት ነው፣ በተለይ ስታስወጪ።

ልቤ ከተረጋጋ በኋላ ግን ያልጠበቅኩት ነገር መጣ። አንድ ሌሊት ሐሳቤ ሲሄድ ወደ ትንፋሼ እየመለስኩት እያለሁ፣ ሄዶ ሄዶ የሚያርፈው አንቺ ላይ መሆኑን አየሁ። ፊትሽ ይመጣል። «ኧረ እንዴት አስቻለሽ?» እልሻለሁ። ትመልሺልኛለሽ፣ እኔ የባሰ መልስ አዘጋጃለሁ። ይኼኔ መንጋጋዬ ግጥም ይላል። ትንፋሼ ደረቴ ላይ ይቆማል። ጥርሴን የማፋጨው በማን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ሲባል ሰምቼ ነው ያደግኩት፤ ትንፋሼንም ይይዘዋል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ጭንቀቴ ሁሉ ባንቺ የመጣ ነው እያልኩሽ አይደለም። የሥራውም የኑሮውም አለበት። ግን በየሌሊቱ ማገዶ የምጨምርበት እኔ ነበርኩ።

መተዉ ባንድ ቀን አልሆነልኝም። ተውኩት ብዬ አድሬ ጠዋት ሳህን ሳጥብ ያ መልእክት ትዝ ይለኝና እጄ ውሃው ውስጥ ይቆማል። ያኔ ከራሴ ጋር አልጣላም። «አለ፣ መጥቷል» እላለሁ፣ መንጋጋዬን አላላለሁ፣ አስወጣለሁ። ሳህኔን አጥባለሁ። እየቆየ ሲሄድ በሳምንት አንዴ ሆነ፣ ከዚያም ራቀ። አልጎዳኝም ማለቴ አይደለም። በጣም ጎድቶኛል፣ እንድታውቂውም እፈልጋለሁ። ክሱን ግን ዘግቼዋለሁ። መልስሽ ምንም ቢሆን መልሼ አልከፍተውም።

ንዴቱ ሲበርድ የረሳሁት ነገር ትዝ አለኝ። እማዬ ከመታመሟ በፊት በነበረው ሳምንት ደውለሽልኝ ነበር። ድምፅሽ ልክ አልነበረም። «ደህና ነሽ?» ስልሽ ትንሽ ዝም ብለሽ «ኋላ እነግርሻለሁ» አልሽኝ። ከዚያ የእማዬ ነገር መጣና ሁሉንም ረሳሁት። ሦስት ዓመት ሙሉ ያልመጣሽበትን ቀን ስቆጥር ያቺን ስልክ አንድም ቀን አላስታወስኳትም። ይቅርታ አድርጊልኝ እህቴ።

ምን ነበር? ምን ሆነሽ ነበር?

እሁድ ማታ እደውልልሻለሁ። ካልተመቸሽ አታንሺው፣ በሚቀጥለው እሁድም እደውላለሁ። እማዬ ደህና ናት። «ያቺ ልጅ የት ገባች?» እያለች ስትጠይቀኝ ከርማለች፤ ዛሬ እየጻፍኩላት ነው አልኳት።

ያንቺው