ለልጄ፦ አንባቢ የሚልክልሽን ተቀበይ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንዴት ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ድሬ ሙቀቷ እንደምታውቂው ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ከከዚራ ዛፎች ጥላ መውጣት አይቻልም።

ባለፈው በስልክ ያልሽኝ ነገር ከሐሳቤ አልወጣም። ስለ ደቻቱ ወንዝ ጎርፍ የጻፍሽውን ያነበቡ ሰዎች «ትንሽ ነገር እንላክልሽ» ሲሉሽ፣ «እማዬ፣ ልመና መሰለብኝ» አልሽ። አይደለም፣ ልጄ። አንቺ አስቀድመሽ ሰጥተሻል። በ1998 ዓ.ም ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ሰውንም ቤትንም ሲወስድ የተረፉትን በየደጃቸው ሄደሽ አዳምጠሻል። ለአውቶቡሱም፣ ሶማሊኛ ለሚያስተረጉምልሽ ልጅም ከኪስሽ ከፍለሻል። ጽሑፉን ግን ማንም በነፃ አንብቦታል። ያነበበ ሰው «ለሚቀጥለው መንገድሽ ይሁን» ቢል ምኑ ያሳፍራል?

ይህ ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። ውክፔዲያ ማስታወቂያ ሳይለጥፍ በዋናነት በሰዎች ልገሳ ቆሟል። የእንግሊዙ ጋርዲያን ጋዜጣም ንባቡን ለማንም ሳይዘጋ የአንባቢዎቹን ድጋፍ ይጠይቃል።

የሰፈራችንን ዕድር ገንዘብ ስይዝ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። መዋጮው ትንሽ ስለሆነና ሁሉም እኩል ስለሚያወጣ ማንም ተነስቶ «የእኔ ዕድር ነው» ሊል አይችልም። ላንቺም የምመኘው ይህንኑ ነው፤ የብዙ ሰው ጥቂት ጥቂት ብር። አንዱ ባንቺ ቅር ተሰኝቶ ቢተው ሌላው አለ፤ ብዕርሽም በአንድ ሰው ፊት አይሸማቀቅም። የዕድር መዋጮ ግን ግዴታ ነው፤ ያልከፈለ ይቀጣል። ያንቺ እንዲያ እንዳይሆን አደራ። ከፊራ ጉሊት ተቀምጣ የምትቸረችር እናት ልጇ በስልኩ ካነበበላት፣ ብር የላከው ካነበበው አንድ ቃል ሊጎድልባት አይገባም። በየጽሑፉ መሐልም «እርዱኝ» እያልሽ ሰው አታሳቅቂ፤ መጨረሻው ላይ አንድ መስመር ይበቃል።

በቴሌብር አሥር ብርም ይላካል፤ እንደ ድሮው ለዚያ ባንክ መሰለፍ የለም። ግን የምትደውዪበትን ቁጥር ለሕዝብ አታውጪ፤ ለዚህ ብቻ የሚሆን ሌላ ሲም አውጪ። የላኪው ስም ይደርስሻልና፣ ራሱ ካልፈቀደ ስሙን ለማንም አትንገሪ። የገባውንና የወጣውን በደብተር ያዢ፤ ይህን ያህል ገባ፣ ይህን ያህል ለመንገድ፣ ይህን ያህል ለአስተርጓሚ ወጣ ብለሽ በየጊዜው ለአንባቢዎችሽ አሳውቂ። ለራስሽ ቀለብ ያዋልሽውንም ሳትደብቂ ጻፊው። ጸሐፊም ይበላል፣ የቤት ኪራይም ይከፍላል። ስለ ግብሩ የሚያውቅ ሰው አማክሪ።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን «የወር ወጪሽን በሙሉ እኔ እችላለሁ» ያለሽ ነጋዴ ነው። መልካም ሰው ሊሆን ይችላል፤ ክፉ ነገር ሰምቼበት አይደለም። ነገር ግን በወንዙ ዳር ቦታ እንዳለው ራስሽ ነግረሽኛል። ነገ እዚያ ዳር ማን ምን እንደሚገነባ ለመጻፍ ስትቀመጪ የቤት ኪራይሽ በእሱ እጅ ነው። እሱ ምንም ሳይልሽ፣ አንቺው ራስሽ አንዱን አንቀጽ ታስቀሪያለሽ። ይህን ነው የምፈራው። በደቻቱ ጎርፍ ልጆቻቸውን ያጡ እናቶች ምሥጢራቸውን ያካፈሉሽ የማንም ሰው ስላልሆንሽ ነው።

ስለዚህ ዛሬውኑ ደውይለት። አመስግኚው፣ አክብሪው፣ ምክንያቱንም ሳትሸፍኚ ንገሪው። እንደ ማንኛውም አንባቢ ጥቂት ብር ልላክ ቢልሽም፣ ስለ ወንዙ ዳር መጻፍሽን እስክትጨርሺ ድረስ አትቀበይው። ምን እንዳለሽ ማታ ደውለሽ ንገሪኝ።

እናትሽ፣
ከድሬዳዋ