አምስቱ ቁልፎች፦ የገንዘብ ስሌት ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የክበባችንን ስም የሰማ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ካልኩሌተር ለመጫን ደግሞ ክበብ ያስፈልጋል እንዴ?» ብሎ ነው። ጥያቄው በመምህራን ማረፊያ ክፍል ተነስቷል፤ በወላጆች ስብሰባ ላይም ተነስቷል። ስለዚህ ዘገባዬን ከመልሱ እጀምራለሁ።

እኛ የምንሠራበት ማሽን በየሱቁ ባንኮኒ ላይ የምናየው መደመሪያ አይደለም። ቢ ኤ ቱ ፕላስ ይባላል፤ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ምርት ነው። በሦስተኛው ረድፉ ላይ አምስት ቁልፎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፦ የክፍያው ብዛት፣ የወለዱ መጠን፣ ዛሬ የሚሰጠው ወይም የሚወሰደው ገንዘብ፣ በየጊዜው የሚከፈለው ገንዘብ፣ በመጨረሻ የሚገኘው ገንዘብ። አራቱን ከነገሩት አምስተኛውን እሱ ያወጣል። የሚከብደው መጫኑ አይደለም። ከፊትህ ባለው ውል ውስጥ የትኛው ቁጥር የትኛው እንደሆነ፣ ገንዘቡ ከማን ኪስ ወጥቶ ወደ ማን ኪስ እንደሚገባ መለየቱ ነው። ይህን ያልለየ ተማሪ ማሽኑ ቢሰጠውም አይጠቅመውም። በዚህም ምክንያት በክበባችን ቀመሩን በወረቀት ሠርቶ ያላሳየ ማሽን አይነካም።

«በብሔራዊ ፈተና ካልኩሌተር አይፈቀድም» ለሚሉኝ ባልደረቦቼም መልሴ ይኸው ነው። አይፈቀድም፤ ነገር ግን ልጆቻችን ከፈተናው በኋላ የብድር ውል ይፈርማሉ፤ አንዳንዶቹ ወላጆቻቸው ሲፈርሙ አሁኑኑ አጠገባቸው ቆመው አንባቢና አስረጂ ይሆናሉ።

መደበኛ ስብሰባችን ዘወትር ሐሙስ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ነበር። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት በምዝገባ፣ ሰብሳቢና ጸሐፊ በመምረጥና ቁልፎቹን በመለማመድ አለፈ። ያሉን ማሽኖች ሦስት ናቸው። ሁለቱን ቢ ኤ ቱ ፕላስ የላከችልን አሜሪካ በሂሳብ ሥራ ላይ የምትገኝ የቀድሞ ተማሪያችን ናት፤ ከልብ እናመሰግናታለን። ሦስተኛውን ከባንክ ሥራ በጡረታ የተገለሉ አንድ የከተማችን አባት አውሰውናል። ኤችፒ 12ሲ ነው፤ ይህ ዓይነቱ እ.ኤ.አ. በ1981 ገበያ ላይ የዋለ ሲሆን ዛሬም ይሸጣል። የእኩል ይሆናል ቁልፍ የለውም። 3 እና 4ን ለመደመር 3 ጽፈህ «ኤንተር» ትጫናለህ፣ ከዚያ 4 ጽፈህ የመደመሩን ምልክት ትጫናለህ። ልጆቹ መጀመሪያ ሸሹት፤ ዓመቱ ሳያልቅ ግን ተራ የሚጠበቅለት እሱ ሆነ።

ሦስት ማሽን በመኖሩ ያልጠበቅነው ትምህርት አገኘን። አንድ ሐሙስ ለሁለት ቡድን አንድ ዓይነት ብድር ሰጥተን ሁለቱ ቢ ኤ ቱ ፕላሶች የተለያየ መልስ አወጡ። ክፍሉ በክርክር ታመሰ። አንደኛው ቡድን ሌላውን «በስህተት ጫናችሁ» ይላል፣ ያኛውም ይመልሳል። አንድ ዝምተኛ የ10ኛ ክፍል ልጅ ሁለቱንም ማሽኖች ጎን ለጎን አስቀምጦ ውስጣቸውን ሲፈትሽ ቆይቶ ምክንያቱን አገኘው። አንደኛው በዓመት የሚፈጸመው ክፍያ 12 ነው ብሎ ይዟል፣ ሁለተኛው ደግሞ 1 ነው ብሎ። ፋብሪካው በቀድሞዎቹ ላይ 12፣ በአዲሶቹ ላይ 1 አድርጎ ነው የሚያወጣቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሽን የተረከበ ተማሪ ሁሉ ሌላ ቁልፍ ከመንካቱ በፊት ይህን ያያል። ማስታወሻውንም ልጆቹ ራሳቸው ጽፈው በማሽኖቹ ጀርባ ለጥፈዋል።

በ7 በመቶ ወለድ የተቀመጠ ገንዘብ በስንት ዓመት እጥፍ እንደሚሆን ስንጠይቅም እንዲሁ ሆነ። ቢ ኤ ቱ ፕላስ 10.24 ሲል ኤችፒ 12ሲ 11 አለ። ምክንያቱ ኤችፒው የጊዜ ብዛት ሲያወጣ ክፍልፋዩን ወደ ላይ ወስዶ ሙሉ ቁጥር ስለሚያደርገው ነው። የመረጥነው 7 በመቶ በወቅቱ የባንኮች ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ነበር። በወር 500 ብር ለአራት ዓመት የቆጠበ ተማሪ 24,000 ብር አስገብቶ 27,604 ብር ገደማ እንደሚያገኝ ሲያዩ ደስ አላቸው። ወዲያው ግን አንዷ ተነስታ «ቲቸር፣ በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ አልነበረም እንዴ? ታዲያ ይሄ ብር ምን ይገዛል?» አለች። የዚያን ቀን ያቀድነውን ትተን በዚሁ ጥያቄ ላይ ዋልን። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠየቅበት ክበብ ተጨማሪ ማሽን ይገባዋል እላለሁ።

ዕቁብንም አስልተናል። 12 አባላት በወር 2,000 ብር ቢጥሉ ዕጣው 24,000 ብር ነው። መጀመሪያ የደረሰውና መጨረሻ የደረሰው እኩል ይወስዳሉ እንላለን። በዚያው በ7 በመቶ ወደ መጀመሪያው ዕጣ ቀን ዋጋ ተመልሶ ሲሰላ ግን በሁለቱ መካከል የ1,487 ብር ልዩነት አለ። ልጆቹ ይህን ለየቤታቸው ነገሩ። አንድ አባት ልጃቸውን «እና ከዕቁብ ልውጣ ነው የምትለኝ?» ብለው እንደተቆጡ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ አላልንም። ዕቁብ በባንክ የማይገኝ መተማመንና መረዳዳት አለበት። የመጀመሪያው ዕጣ ያለ ወለድ የተሰጠ ብድር መሆኑን ማወቅ ግን ማንንም አይጎዳም።

በስታቲስቲክስ በኩል ልጆቹ በቡድን ተከፍለው ከሰኞ ገበያ የሽንኩርት፣ የእንቁላልና የቲማቲም ዋጋ በየሳምንቱ መዘገቡ። ማሽኑ አማካዩንና መደበኛ ልይይቱን፣ ማለትም ዋጋዎቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚያሳየውን ቁጥር ያወጣል፤ ልይይቱን ግን ሁለት አድርጎ ያሳያል፣ አንዱ ለናሙና፣ ሌላው ለሙሉው ስብስብ። ከገበያው ጥቂት ሻጮችን ብቻ ጠይቀን ሳለ የትኛውን መውሰድ እንዳለብን ለመስማማት ጊዜ ወስዶብናል። ከፋሲካ በፊት በነበሩት ሳምንታት የእንቁላል ዋጋ ልይይት እንዴት እንደሰፋ የሚያሳየው ሠንጠረዥ በቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ ተሰቅሏል፤ ያላያችሁ እዩት።

ስለ ቀን አቆጣጠር አንድ ነገር ልጨምር። ማሽኑ በሁለት ቀኖች መካከል ያለውን የቀን ብዛት ያወጣል፤ የሚያውቀው ግን የፈረንጆቹን ዘመን ብቻ ነው። የእኛ ውሎች ደግሞ የሚጻፉት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ልጆቹ መጀመሪያ እያንዳንዱን ቀን እየለወጡ ደከሙ። በኋላ ወራችን ሁሌም 30 ቀን መሆኑ ሥራውን እንደሚያቀለው አስተዋሉ። ከኅዳር 7 እስከ ግንቦት 19 ስድስት ወር ከ12 ቀን ነው፣ 192 ቀን። ጳጉሜን የሚያሳስበው ብድሩ ዘመን ሲሻገር ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጉብኝቱ ልምጣ። ዓመቱን ሙሉ ይህን ክበብ ያስወደደኝ እሱ ነውና ሰፋ አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ሚያዝያ ላይ ፒያሳ አካባቢ ወዳለው የቁጠባና ብድር የኅብረት ሥራ ማኅበር ሄድን። በእግር ነው የሄድነው፤ ለትራንስፖርት የተመደበ ገንዘብ አልነበረም። ሒሳብ ሹሙ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ልጆቹን በጠባቧ አዳራሽ አስቀምጠው መዝገባቸውን ዘረጉና አንድ ብድር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ወር አሳዩአቸው። ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ ስለሚታሰብ ወር በወር ያንሳል፤ ከክፍያው ለዋናው የሚሄደው ደግሞ ያድጋል። ልጆቹም ያንኑ ብድር በማሽኑ እየሠሩ ከመዝገቡ ጋር አመሳከሩ።

ሁሉም ለመነሳት ሲዘገጃጅ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ከደብተሯ መሐል የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ስሟን እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ አልጽፍም። እናቷ እንጀራ ጋግረው ለምግብ ቤቶች ያስረክባሉ። ተጨማሪ የኤሌክትሪክ ምጣድና ጤፍ ለመግዛት ከአንድ አበዳሪ 60,000 ብር ለመውሰድ እየተዘጋጁ ነበር። ወረቀቱ ላይ «ወለድ 15 በመቶ፣ ወርኃዊ ክፍያ 5,750 ብር፣ ለ12 ወር» ይላል።

ልጅቷ ማሽኑን ተቀብላ በዓመት 12 ክፍያ መሆኑን አረጋገጠች። 12 አስገባች፣ 60,000 አስገባች፣ 5,750 አስገባች፣ ወለዱን ጠየቀች። ማሽኑ «ስህተት 5» አለ። አጠገቧ የነበረው ልጅ ቀስ ብሎ «ብሩ ወደ ቤት ሲገባ መደመር ነው፣ ስትከፍሉ መቀነስ ነው» አላት። ሁለቱንም በመደመር አስገብታቸው ነበር። በ5,750 ላይ የመቀነስ ምልክት ጨመረችና ደግማ ጠየቀች።

26.62።

ማሽኑን አጠፋችው። አብርታ እንደገና ሠራችው። ከዚያም ሌላኛውን ማሽን ከጓደኛዋ ተቀብላ ሠራች። አሁንም 26.62። ቀና ብላ ሒሳብ ሹሙን አየቻቸውና «ጋሼ፣ እማዬን 15 ነው ያሏት» አለች።

ሰውየው መነጽራቸውን አውልቀው ወረቀቱን አነበቡ። «አልተሳሳትሽም ልጄ» አሏት። «15ቱን የሚያስቡት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ወር በ60,000ው ላይ ነው። እናትሽ በመጨረሻው ወር እጇ ላይ የቀረው ዕዳ 5,000 ብር ነው፤ ወለዱን ግን በ60,000 ትከፍላለች።» ከዚያ ራሷ ቀጠለች። 15 በመቶው በቀሪው ዕዳ ላይ ቢሆን ኖሮ ወርኃዊ ክፍያው 5,415 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። የዓመቱ ወለድ 9,000 መሆኑ ቀርቶ 4,986 ብር ይሆናል። ልዩነቱ 4,014 ብር። ቁጥሩን በወረቀቱ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ጻፈችው። አዳራሹ ውስጥ የሚያወራ ልጅ አልነበረም።

በሳምንቱ እናትየው ትምህርት ቤት መጡ። ልጄ አጥፍታ ተጠርቼ ነው ብለው የፈሩ ይመስል ነጠላቸውን አስተካክለው በር ላይ ቆሙ፤ የመጡት ግን ለማመስገን ነበር። «መምህር፣ እኔ ወለዱን እንጂ ወለዱ በምን ላይ እንደሚታሰብ መጠየቅ እንዳለብኝ አላውቅም ነበር» አሉኝ። ብድሩን ጨርሰው አልተዉትም፤ ምጣዱ ያስፈልጋቸው ነበርና። 60,000 መሆኑ ቀርቶ 30,000 ወሰዱ፣ የጎደለውን ከዕቁብ ሞሉ፤ በኅብረት ሥራ ማኅበሩም መቆጠብ ጀመሩ። ወርኃዊ ክፍያው ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ነበር። የጎደለው የሚጠይቅ ሰው ነበር። የእኛ ክበብ የሚያወጣው ይህን ጠያቂ ነው፤ ለዚህ ሥራ የሚወጣ ገንዘብ ባከነ የሚለኝ ሰው ካለ ከልጅቷ ጋር ላገናኘው ዝግጁ ነኝ።

ከወለድ ጋር ለማይስማሙ ቤተሰቦች ልጆችም ቦታ አለን። አንዳንድ ወላጆች በዚህ ሥጋት ልጆቻቸውን ከክበቡ ለማስወጣት አስበው ነበር። ግንቦት ላይ ወለድ አልባ የባንክ አገልግሎትን ለይተን ተመለከትን። ባንኩ ዕቃውን በ60,000 ገዝቶ በ66,000 ቢሸጥና ክፍያው በ12 ወር ቢከፋፈል በወር 5,500 ብር ነው፤ ዋጋው ውሉ ሲፈረም ያልቃል፣ ከዚያ በኋላ አይጨምርም። የትኛው መንገድ ለማን እንደሚስማማ መወሰን የየቤተሰቡ ነው፤ እኛ ስሌቱን ግልጽ እናደርጋለን።

ያልተሳካውን ባጭሩ ልናገር። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት መጀመሪያ የክበቡ ክፍል ለሌላ ጉዳይ ተወስዶ ለጥቂት ሳምንታት በዛፍ ጥላ ሥር ሠርተናል። የአንዱ ማሽን ባትሪ አልቆ ጠፍጣፋዋን ባትሪ ፍለጋ የሰዓት ጠጋኞችን አዳርሰናል። ካቀድናቸው ሁለት ጉብኝቶች አንዱ ቀርቷል። ከተመዘገቡት አባላት ሲሶ ያህሉ ተራ መጠበቅ ሰልችቷቸው ቀሩ፤ በዚህ አልፈርድባቸውም። ከ40 የማያንሱ ልጆች በሦስት ማሽን ሲሠሩ አንድ ልጅ በስብሰባው ቁልፍ የሚነካው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ለክበባችን በዓመቱ የተመደበው ገንዘብ የወረቀት ወጪያችንን እንኳ አልሸፈነም፤ ቀሪውን መምህራን ከኪሳችን አዋጥተናል። «በስልክ የሚሠራ መተግበሪያ አለ» የሚሉን አሉ፤ ስልክ ወደ ግቢያችን እንዳይገባ የከለከለው ግን ራሱ ትምህርት ቤቱ ነው። ክልከላውን እኔም እደግፈዋለሁ፤ ከደገፍነው ግን ማሽኑን መግዛት አለብን።

ለ2018 የምንጠይቀው አምስት ተጨማሪ ቢ ኤ ቱ ፕላስ፣ መለዋወጫ ባትሪና ማሽኖቹ የሚቆለፉበት አንድ ቁም ሣጥን ነው። ከሐምሌ 2016ቱ የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ከእኛ አቅም በላይ ሆኗል። ስለዚህ በውጭ አገር ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቻችን፣ ማሽኑ በዩኒቨርሲቲ ዘመናችሁ ተገዝቶ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ከሆነ፣ ወደ አገር ቤት ለሚመጣ ሰው አስይዙልን። አሮጌም ቢሆን እንቀበላለን፤ የ12ና የ1ን ነገር ልጆቹ ያስተካክሉታል። በከተማችን ያላችሁ የባንክና የኅብረት ሥራ ባለሙያዎችም አንድ ሐሙስ መጥታችሁ ብታስተምሩልን ደስ ይለናል። ዕርዳታው በሂሳብ ትምህርት ክፍል በኩል በደረሰኝ ገቢ ይሆናል። የአዲስ አባላት ምዝገባ መስከረም ውስጥ ይጀመራል፤ ቅድሚያ የምንሰጠው ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ነው።