ግጥሙን በአማርኛ ስጡን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ባለፈው ዓርብ ማታ እዚህ አዲስ አበባ፣ አንድ የሥዕል ጋለሪ ውስጥ የሩሲያ ክላሲካል ዘፈን ምሽት ነበር። ስልሳ የሚሆነው ወንበር ሞልቶ ከኋላ የቆመም ነበር። ሁለት ዘፋኞች፣ አንድ ባስ (ወፍራም ድምፅ ያለው ወንድ) እና አንዲት ሶፕራኖ (ቀጭን ድምፅ ያላት ሴት)፣ ከፒያኖ ጋር። ማይክሮፎን የለም። ባሱ ሥዕሎቹ መሃል ቆሞ ሲዘፍን ድምፁ የተቀመጥኩበትን ወንበር ያንዘረዝረው ነበር። አዘጋጆቹን ከልቤ አመሰግናለሁ። ግን የቆጨኝ ነገር አለ።

ግጥሞቹ ምን እንደሚሉ ማንም አልነገረንም። የአቀናባሪው ስም ይጠራል፣ ይዘፈናል፣ ይጨበጨባል፣ አለቀ። ሮማንስ (በፒያኖ የሚታጀበው የግጥም ዘፈን) እኮ ግማሹ ግጥም ነው! መክፈቻው የአቀናባሪው የግሊንካ ሮማንስ ነበር። ባለቅኔው ፑሽኪን እ.ኤ.አ. በ1825 ግጥሙን የጻፈው ልቡን ለማረከችው ለአና ኬርን ነው። ግሊንካ በ1840 ዜማውን ሲሠራ ደግሞ ልቡ የወደቀው በአና ልጅ በየካተሪና ላይ ነበር። ይህን ለመናገር አንድ ደቂቃ አይፈጅም። አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት «ጋሼ፣ ምን እያለ ነው?» አለችኝ። ሞስኮ ስድስት ዓመት ተምሬያለሁና በጆሮዋ ሹክ እላት ጀመር። ከፊት ያሉት ዞረው ሲያዩኝ ተውኩት።

የባሰው የአቀናባሪው የሙሶርግስኪ ዘፈን ላይ መጣ። ርዕሱ «ትሬፓክ» የሩሲያ የሕዝብ ጭፈራ ስም ነው፤ ምቱም እግር ያስነሳል። ሰዉ ፈገግ አለ። አንዳንዶች አብረው ማጨብጨብ ጀመሩ። አልፈርድባቸውም፣ በምን ይወቁ? ዘፈኑ ግን ሰክሮ ጫካ ውስጥ ስለጠፋ አንድ ምስኪን ገበሬ ነው። በበረዶ ውሽንፍር መሃል ሞት ይመጣና አቅፎ ያስጨፍረዋል። ከዚያ በረዶውን አልብሶ ያስተኛዋል። በጋው ገባ፣ ርግቦች እየበረሩ ነው እያለ ያባብለዋል። ያ ሁሉ ጭብጨባ ለዚህ ነበር።

ሠዓሊው ሬፒን ሙሶርግስኪን የሳለው እ.ኤ.አ. በማርች 1881 ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ነው። ከቀናት በኋላ ሰውየው ሞተ። ተማሪ ሳለሁ ሞስኮ ያለው ትሬቲያኮቭ ጋለሪ በሄድኩ ቁጥር እዚያ ሥዕል ፊት እቆም ነበር። ጸጉሩ ተንጨባሯል፣ አፍንጫው ቀልቷል፣ ካባ ደርቧል። ዓርብ ማታ ጭብጨባው ሲሰማ የታየኝ ያ ፊት ነው።

መጨረሻ ላይ ሶፕራኖዋ የራህማኒኖቭን «ቮካሊዝ» ዘፈነች። ቃል የሌለው ዜማ ነው። ያኔ አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ያቺ ወጣትም ምንም አልጠየቀችኝም።

የምጠይቀው ቀላል ነው። በር ላይ ለታዳሚው አንድ ወረቀት ይታደል፣ የግጥሞቹ የአማርኛ ትርጉም ይኑርበት። እዚያ አገር የተማርን ብዙዎች አለን። አብዛኞቻችን ጡረታ ወጥተናል፣ ጊዜ አለን፣ ክፍያ አንፈልግም። «ትሬፓክ»ን ትናንት ማታ ተርጉሜ ጨርሻለሁ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤዋለሁና ለጋለሪው አድርሱልኝ።

የቀድሞ የሞስኮ ተማሪ
አዲስ አበባ