ዩሪያው የመዋጮ መያዣ ነው እንዴ?

ይድረስ ለወረዳችን ግብርና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ሰላምታውን አሳጥረዋለሁ። የእናቴ የዩሪያ ማዳበሪያ በመዋጮ ሰበብ ስለመያዙ ቢሮዎ ድረስ መጥተን ነግረንዎታል። ማመልከቻ አስገብተን የመዝገብ ቤት ቁጥር ተሰጥቶናል። ጸሐፊዎ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ማለት እስኪሰለቻት ተመላልሰናል። መልስ የለም። እንግዲህ በአደባባይ ልጻፍልዎ።

ነገሩን እርስዎ ያውቁታል፣ ሌላውም ሰው ይስማው። እናቴ ገበሬ ናት። አባቴ ካረፈ ጀምሮ ሦስት ቃዳ (ሄክታር የማይሞላ) መሬቷን በስሟ ባለ ደብተር ታሳርሳለች። በበጋ የቀበሌው ባለሙያ የማዳበሪያ ፍላጎት ሲመዘግብ ተመዘገበች። ክፈሉ ሲባል በግ ሸጣ ከፈለች። የዳፑንም የዩሪያውንም፣ ሙሉውን። (በዳፕ ፋንታ ኤንፒኤስ የሚባለው ማዳበሪያ ከመጣ ስንት ዓመቱ፣ እኛ ቤት ግን ስሙ አሁንም ዳፕ ነው።) ካርኒው እኔ ጋ አለ።

ዳፑን ወስዳ በቆሎዋን ዘራች። በቆሎው ጉልበት ሲደርስ ለዩሪያው ማዳበሪያ ወደሚያከፋፍለው የገበሬዎች ማህበር መጋዘን ሄደች። ጉዱ እዚያ ነው። መጋዘን ያዡ ስሟን ከመዝገቡ አገኘ፣ መክፈሏን አየ፣ ከዚያ «መዋጮ ይቀርሻል፣ ከቀበሌ ክሊራንስ አምጪ» አላት። የምን መዋጮ? ለስፖርት፣ ለቀበሌው ቢሮ ማሠሪያ፣ ደግሞ እሷም ስሙን ያልያዘችው ሌላ ነገር። የመሬት ግብሯን እንደሆነ ጨርሳለች። ይህን ስትለው የመለሰላት ምን መሰለዎት? «መንግሥት ደጉሞ እየሰጠሽ አንቺ መዋጮ ትከለክያለሽ?»

እጥረት ቢሆን እኮ ሌላ ነገር ነው። በ2015 ክረምት ማዳበሪያ ጠፍቶ ገበሬው ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ ሰልፍ ወጥቷል፤ ያኔ የለም ተባለ፣ የለም። ዘንድሮ ግን ዩሪያው እስከ ጣሪያ ተደርድሮ በዓይኗ እያየችው ነው ባዶ አህያ ነድታ የተመለሰችው።

ድጎማውንም በደንብ እንነጋገርበት። ማዳበሪያ በዶላር ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል ነው የሚገባው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የዶላሩ ዋጋ ለገበያ ሲለቀቅ፣ ጭማሪው ገበሬው ላይ እንዳይወድቅ መንግሥት እንደሚደጉም ተነገረን። ጥሩ። ያ ገንዘብ ግን የሕዝብ ነው። ከእርስዎ ኪስ አልወጣም፣ የቀበሌው ሊቀመንበርም ስጦታ አይደለም። መዋጮ ያልሰጠ ይቀጣበታል ብሎ የፈቀደላችሁ ማን ነው?

እርስዎ ግብርና የተማሩ ሰው ነዎት፣ ስለ ዩሪያ ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል። በቆሎ ዩሪያ የሚፈልግበት ጊዜ አለው፣ ካለፈ አለፈ። ክሊራንስ እስኪመጣ ቁም ቢሉት አይቆምም። እናቴ ቀበሌ ስትሄድ ማህተም ያዡ ስልጠና ላይ ነው። ስትመለስ መጋዘኑ ዝግ ነው። በመጨረሻ እኔ ከአዲስ አበባ ብር ላክሁና መዋጮው ተከፈለ፣ ያለ ደረሰኝ። ዩሪያውን ስታገኝ በቆሎው ቢጫ ሆኖ አበባ ሊያወጣ ደርሶ ነበር። በዚያው ሰሞን ከተማው ገበያ ላይ ያው ዩሪያ፣ በዚያው ከረጢት፣ በነጋዴ እጅ በእጥፍ ይቸበቸብ ነበር። ነጋዴው ክሊራንስ አይጠይቅም። ከማን መጋዘን እንደወጣ እርስዎ ከእኔ ይሻላሉ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ማዳበሪያ ከመዋጮ ጋር ይያያዝ የሚል መመሪያ ካለ ቁጥሩንና ቀኑን ጠቅሰው ቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጥፉት። ማን ስንት ኩንታል እንደወሰደም አብሮ ይለጠፍ። መመሪያው ከሌለ የተወሰደባትን ብር መልሱላት፣ የሌሎቹንም ጭምር። ያን ቀን ባዶ እጇን የተመለሰችው እሷ ብቻ አልነበረችም።

ማመልከቻችን መዝገብ ቤትዎ አለ። ጠፋ ከተባለ ኮፒው እኔ ጋ ነው።

የአርሶ አደሯ ልጅ